ጉልበቷን የሚያማት ጀግና

ልብ ወለዴን መጻፍ ስጀምር አንባቢዬ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቴ። ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ በሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሕፃናት ከምጠብቅበት የዴይኬር ሥራዬ ስመለስ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ትጠብቀኝና "እስቲ አምጪው" ትለኛለች።

ታሪኩ ሐይቁ በየዓመቱ እየሸሸ ስለሚሄድበት የፈጠራ አገር ነው። አንዲት ወጣት ሐይቁን የሚመልስ ምንጭ ፍለጋ ተራራ ልታቋርጥ ትነሳለች። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብላት እህቴ አቋረጠችኝ።

"ቆይ፣ ውሃው ከሸሸ ሰዎቹ ምን ይበላሉ?"

"እንጃ እትዬ፣ አላሰብኩበትም።"

"እንግዲያው አገር አይደለማ። ወሬ ነው።"

ተናድጄ ሳልጽፍ ሰነበትኩ። በኋላ ግን ለሰዎቹ የደረቀ ዓሣ ሰጠኋቸው፤ ጨው ጭነው የሚወርዱበት ገበያ አቆምኩላቸው፤ የልጆቻቸውን ከንፈር በድርቅ ሰነጣጠቅሁት። ይህን ሳነብላት ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ቀጥሎ የመጣችው በጀግናዋ ነው።

"ይቺ ልጅ አይደክማትም እንዴ? እኔ ከባስ ወርጄ እዚህ እስክደርስ ስንቴ አርፋለሁ።"

እውነቷን ነበር። ለልጅቷ በልጅነቷ የተሰበረ፣ ብርድ ሲነካው የሚያብጥ ጉልበት ሰጠኋት። ያኔ እህቴ ወደደቻት። እንደ ጎረቤት ልጅ "ዛሬስ እንዴት ዋለች?" ትለኝ ጀመር።

በዚያው ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ እህቴ ለቆየ ሕመሟ የምትወስደው መድኃኒት መሥራት አቆመ። ሐኪሟ ከእንግዲህ የሚሞከር ነገር እንደሌለ ሲነግረን አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ያን ሳምንት መጨረሻውን ተጣድፌ ጻፍኩት። ልጅቷ ተራራውን ተሻገረች፣ ምንጩን አገኘች፣ ሐይቁ ተመለሰ። አነበብኩላት።

"በዚያ ጉልበቷ?" አለችኝ።

"ልብ ወለድ አይደል እትዬ? ተአምር ሆነላት።"

"እስካሁን ተአምር አልነበረበትማ።" ዓይኗን ጨፈነች። "ለእኔ ብለሽ ነው። አትዋሺኝ።"

መጨረሻውን አጠፋሁት። እንደገና ስጽፈው ልጅቷ ተራራው መሃል ላይ ቀረችብኝ። ሌላ መንገድ ፈለግሁላት፤ በቅሎ ሰጠኋት፣ አጃቢ ጨመርኩላት፤ በዚያ ብርድ የሚያሻግራት ጠፋ። እህቴ "ጨረስሽው?" ስትለኝ "ገና ነው" አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች።

ቆይቶ ጽሑፉን ብሉር በሚባለው ጎዳና ላይ የአማርኛ መጻሕፍት ለሚሸጡ ሽማግሌ ወሰድኩላቸው። ቆመው ብዙ ገጽ አነበቡ።

"አገሩ ያለ ነው የሚመስለው" አሉኝ። "መጨረሻውስ የት አለ?"

"የለውም፣ አባባ።"

"እንዲህማ ማን ይገዛሻል የኔ ልጅ?" ብለው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አሁን ቅዳሜና እሁድም እሠራለሁ፤ ቤት መዋሉ ከበደኝ።