የክቡ ቤታችን ግድግዳ

ሰፈራችን ሰቆጣ ዳር፣ ተዳፋቱ ላይ የተለጠፈ የመጤ ሰፈር ነው። ዝናብ በቀረ ቁጥር ከዙሪያው ወረዳ ሰው ይመጣል፤ አንዴ ከዝቋላ፣ አንዴ ከደሃና፣ አንዴ ከፃግብጂ። እንጨት በኛ አገር እንደ ልብ አይገኝምና ሰው ቀዬውን ሲለቅ በሩንና የጣሪያውን እንጨት ነቅሎ፣ በአህያ ጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጎረቤትህ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግህም፣ ቤቱን ማየት ነው። የደሃናው ድንጋዩን ክብ አድርጎ ይክብና ሣር ይከድንበታል። የፃግብጂው አራት ማዕዘን ይሠራና ጣሪያውን በአፈር ይደመድማል። የዝቋላው ደግሞ ከራሱ በፊት ለፍየሎቹ ያጥራል። ቆርቆሮ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች የተከራዩት ቤት ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እርስ በርስ መሰማማት ያቅታቸው ነበር። እኛ እንስቅባቸዋለን፣ ቅናትም ነበረብን።

የኛ ቤት ክብ ነው። አባቴ የደሃና ሰው፣ ድንጋይ ካቢ ነበር። «ክብ ቤት ያለው አንድ ግድግዳ ነው፤ እዚህ ጀመረ፣ እዚያ አለቀ አይባልም። አንዱን ጎን ከነካኸው ሁሉም ይከተልሃል» ይል ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ ግድግዳውን እንደ ሰው ትጠብቀው ጀመር። ልጅ ኳስ ቢያሳርፍበት ሰፈሩን አንድ ታደርገዋለች። ቁጣዋ ቅርብ ነው። እኔም የወጣሁት ከሷ ነው፣ ማን ይወቅሰኛል!

የጠባችን ሁሉ መነሻ ከጀርባችን የሠፈረው የፃግብጂ ሰውዬ ነው። ሦስቱን ግድግዳ አቆመና ለአራተኛው ድንጋይም ጉልበትም አጠረው። ታዲያ እናቴ ገበያ በሄደችበት የጣሪያውን እንጨት ጫፍ በኛ ግድግዳ ላይ ሰክቶት ጠበቃት። ወይ ጉድ! እናቴ ንዴቷ ሲብስ አማርኛው አይበቃትም፣ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና ነው የረገመችው።

«አንተ ሰውዬ! ባሌ የሠራው ላንተ ጣሪያ ማስደገፊያ ነው?»

«ምን ጎደለብሽ? ግድግዳው እንደሆነ አልተበላ!»

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሰላምታ የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ እናቴ ሽማግሌ ፊት አቁማው፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት «ግድግዳው የኔ ነው» ብላ ማለች። ሽማግሌዎቹም የራሱን ግድግዳ ሠርቶ እንጨቱን እንዲያነሳ ፈረዱበት። እሱም እያጉረመረመ ድንጋይ መሰብሰብ፣ እንጨቱንም አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። የነቀለበት ቀዳዳ ቤታችን ውስጥ ብርሃን ያስገባ ነበር። እናቴ በድል አድራጊነት ታየዋለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት የሌለው ቤት ይፈርሳል ያለው ያኔ ነው። ሰውዬው ቀድሞ ተመዝግቦ ወረቀት አግኝቷል። እኛ ዛሬ ነገ ስንል ቀርተናል። በራችን አጠገብ ቀይ ቀለም ቀቡበት።

የተባለው ቀን ሲደርስ ዲጂኖና መዶሻ ይዘው ከታች ጀምረው እያፈረሱ መጡ። አንዲት የዝቋላ መበለት ቤቷ ሲወድቅ ፍየሎቿን አቅፋ ትጮኻለች። አቧራው ሳይሰክን ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። እናቴ ግን አንድ ዕቃ አላወጣችም። «ዕቃ ካወጣሁ ፍረስ እንዳልኩት ነው» ብላ በሩ ላይ ተገተረች።

የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፣ ክፉም አልነበረም። «እማማ፣ እባክዎ ይውጡልን» አላት። ከበሩ አልነቃነቅ ስትለው ቤቱን ዞረና ከኋላ ገና ያልተነቀሉትን እንጨቶች አያቸው። ሰውዬውን አስጠራ።

«አባት፣ ይሄ እንጨት የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ግድግዳውስ? የሳቸው ከሆነ እንጨትዎን ያነሳሉ፣ እኛም እናፈርሳለን። የርስዎ ከሆነ ግን ወረቀት ያለው ቤት አካል ነውና አንነካውም።»

ሰውዬው ቀና ብሎ እናቴን አያት። የሷ ነው ቢል አልዋሸም፤ ሽማግሌ የፈረደው እንደዚያው ነው። ቤታችን ቢፈርስ ደግሞ ቦታው ለሱ ግቢ ማስፊያ ነው። ዲጂኖ የያዘው አፍራሽ እጁ ላይ እንትፍ እንትፍ አለበት።

«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ደግሞ ክብ ነው። ከየት እስከ የት ልበልህ? ዙሪያውን የኔ ነው።»

ቀያሹ ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ እውነት ነው?»

ስትምል የሰማ ሰፈር ሁሉ እዚያው ቆሟል። አይደለም ካለች ቤቱ ይፈርሳል። ነው ካለች ደግሞ አባቴ የሠራውን ቤት ለደመኛዋ በአፏ ሰጠችው፤ ነገ ውጪልኝ ቢላት ማን ይከራከርላታል? እመቤቴን እየጠራሁ አፏን አፏን አያለሁ።

«የሱ ነው» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ምን አሉኝ?»

«የሱ ነው አልኩህ! ደንቆሮ ነህ?»

ቀያሹ ለሰዎቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ቤታችንን ዘለሉት።

እናቴ ገብታ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ሰውዬው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እግሩን ወደ ውስጥ አላስገባም።

«ነገ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ» አለ። «ግድግዳው ያንቺ እንደሆነ በአፌ እመሰክርልሻለሁ። የቀረውንም እንጨት አነሳለሁ።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ቀዳዳዎቹን አየች።

«ማን አንሳ አለህ? የነቀልከውንም መልሰህ አግባ። በክረምት ውሃ ሊያስገባብኝ ነው።»

ሰውዬው ሄዶ አንዱን እንጨት ከግቢው እየጎተተ አመጣ። እናቴ ወጥታ ሌላውን ጫፍ አነሳችለት።

«ቀና አድርገው እንጂ» አለችው። «ዓይን የለህም?»