የወለተ ሰንበት ተራ

መምህር ወልደ ሐዋርያት ዳዊትን በአለንጋ የተማሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህም ይሆናል፣ ሰቆጣ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ሲረከቡ አለንጋውን ከጣሪያው ማገር ሰክተው፣ የክፍሉን የአፈር ወለል ቆፍረው የገበጣ ጉድጓድ ያበጁት። መደመርና መቀነስ በጠጠር ገባ። ልጆቹ መማራቸውን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ወላጆች ግን መጫወታቸውን ወዲያው ዐወቁ።

«እኛ በአለንጋ ሰው ሆንን፤ አንተ በጠጠር ምን ልታደርጋቸው ነው?» ይሏቸው ነበር ጎረቤታቸው ቄስ ገብረ ሊባኖስ።

«አባ፣ እርስዎ ሰው የሆኑት ከአለንጋው ኮብልለው አይደል?»

ጠብ እንዳይነሣ መምህሩ አንድ ሕግ ደነገጉ፦ በጨዋታ መካከል የተጠራ ልጅ ተራው ይጠበቅለታል፤ እሱ ወይም ወላጁ ካልፈቀደ ጠጠሩን ማንም አይነካም። ይህን ሲደነግጉ ልጅ የሚጠራው ውኃ ሊቀዳ ወይም ፍየል ሊመልስ እንጂ ወደ ሌላ ስፍራ መስሎ አልታያቸውም።

በሃምሳ ስምንቱ ድርቅ፣ ከአክስቷ ዘንድ ሆና የምትማረውን ወለተ ሰንበትን አባቷ መጥቶ ወደ ቤታቸው ወደ ደሃና ወሰዳት። ከነጋዴው ልጅ ከኢድሪስ ጋር ገበጣ ይዛ ነበር፤ ተራው የእሷ ነው። «ዋ! እንዳትነካው!» ብላው ወጣች። ከወር በኋላ መርዶዋ መጣ።

ጠጠሩን የነካ የለም። ልጆቹ ጉድጓዶቹን እየዘለሉ ያልፋሉ። መምህሩ ስም ሲጠሩ አንደበታቸው አልታዘዝ ብሎ የእሷንም ይጠራል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ተራዋ ነው!» ይላል። ጠዋት በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ ይሰማቸዋል። «አይጥ ነው» ይላሉ ለራሳቸው፤ በዚያ ዓመት ግን አይጡም ተሰዶ ነበር።

ወለሉን ሊደፍኑ ስንቴ ጎንበስ ብለው ተመለሱ። ቢደፍኑት የሚቀብሯት እሳቸው ይመስላቸዋል፤ ቢተዉት ደግሞ ሌላ ገበጣ የለምና ጨዋታው ሁሉ ቆሟል፤ መደመር የቀረው ለአለንጋ ነው። አለንጋውም ከማገሩ ሆኖ ቁልቁል ያያቸዋል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን እናቲቱ ወለተ ሐና ከል ለብሳ ከክፍሉ ደጃፍ ቆመች።

«የኔታ፣ ልጄ በሕልሜ እየመጣች ‹ተራዬ ነው› ትለኛለች። እዚህ ምን አስቀራችሁባት?»

መምህሩ በጣታቸው ወለሉን አሳዩ። እናቲቱ ጉድጓዶቹን ትኩር ብላ አየች።

«ጨርሱላት» አለች። «ፈቅጃለሁ። ልጄን ተራ ይዞ አያስቀርብኝ።»

መምህሩ በወለተ ሰንበት ወገን ተቀመጡ፤ ኢድሪስ ፊት ለፊታቸው። ጠጠሯን አፍሰው በየጉድጓዱ ጣሉ። ለሟች ተጫውቶ መሸነፍ ነውር መሰላቸው፤ ኢድሪስም ሟችን ማሸነፍ ፈራ። እናም ሁለቱም ራሱን ኢድሪስን ለመርታት ተጋገዙ። በመጨረሻ ኢድሪስ ባዶ ጉድጓዶቹን አየና «ጎበዝ ነበረች» አለ።

በማግሥቱ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው አደመጡ። ምንም የለም። ዝምታው ከጠጠሩ ይልቅ አስፈራቸው። ገብተው ስም ሲጠሩ አንደበታቸው እንደ ልማዱ «ወለተ ሰንበት» አለ።

ልጆቹ ሁሉ ወደ ኢድሪስ ዞሩ።

«ጨርሳለች፣ መምህር» አለ ኢድሪስ።