ያልተላከልኝ ሩዝ

«ማን ብላ አለህ?» አሉኝ ኡ ቲን ለሦስተኛ ጊዜ።

«ሊደፋ ነበር እኮ! ሰባት ሳምንት ሙሉ በርዎ ሥር ያድራል፣ ሳይነካ ይመለሳል። እህል አይደለም እንዴ? እህል አይረግምም?»

«ይመለስ! አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ርቦኝ ነበራ!»

«ከራበህ የእኔን በር ማንኳኳት ነው። አንተ ግን በላህ። መብላትህ ሳያንስ ዕቃውን አጥበህ፣ ብርቱካን ከተህ አስቀመጥክ። ልጁ የበላሁለት እኔ መስዬዋለሁ። ወለል ላይ ወድቆ ሦስት ጊዜ ሲሰግድልኝ አላየህም?»

አይቻለሁ። እንደዚያ ያስጮኸኝም እፍረቱ ነበር።

ይህ የሆነው በ1988 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለንደን ሼፈርድስ ቡሽ በምኖርበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። በዚያ ሰሞን የጻፍኳቸውን ግጥሞች ሁሉ ቀድጄ ጥያለሁ፤ ይህቺን ቅዳሜ ግን ልቅደዳት ብል እንኳ አትቀደድልኝም።

ቤቱ የእትዬ ጥሩነሽ ነው። እሳቸው ከታች ይኖራሉ፣ ከላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራያሉ። አንዱ የእኔ፣ ሌላው የኡ ቲን ነው። ወጥ ቤቱ የጋራችን ነው። እኔ ማለዳ እየተነሣሁ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ባገኘሁት ወረቀት ጀርባ ላይ፣ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤም ይሁን የሱቅ ደረሰኝ፣ ግጥም እሞነጭራለሁ።

ኡ ቲን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው የሚላጩ የበርማ ሰው ናቸው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥበው ያጥፋሉ። «ኡ» በእነሱ ቋንቋ እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው። የምንግባባው በሁለታችንም ስብርባሪ እንግሊዝኛ ነበር። አማርኛ አንድ ቃል ሳያውቁ ግጥሜን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡኝ በለንደን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከቀትር በኋላ እህል የሚባል አይቀምሱም። ቁጠባ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ናይንግ የሚባል የአገራቸው ልጅ ይመጣል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ቀጭን፣ ሲራመድ የማይሰማ ልጅ ነው። ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ በሚገኝ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፣ ያበስላል። ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ሙሉ ምግብ አምጥቶ ኡ ቲን በር ሥር ያስቀምጥና ሳያንኳኳ ይሄዳል። ኡ ቲን ከሥራ ሲመለሱ ያዩታል። ወደ ወጥ ቤት ገብተው የራሳቸውን ሳህን ከመደርደሪያው ያወርዳሉ፣ ምሳ ዕቃው አጠገብ በአፉ ይደፉታል፣ ከዚያ ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። በማግስቱ ናይንግ ይመጣል፤ የተደፋውን ሳህን ያያል፤ ዕቃውን እንደ ሞላ ይዞ ይወርዳል። አንድም ቃል አይለዋወጡም። እኔ በሴት የተጣሉ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓርብ ፍሪጅ ውስጥ የነበረኝ ግማሽ ጥቅል ጎመን ብቻ ነበር። ከዕቃው የሚወጣው የዝንጅብልና የዶሮ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጾም መሆኑን ረሳሁ ብል ውሸት ነው። አልረሳሁም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስቱንም ድርብ ጨረስኩ።

ከጠገብኩ በኋላ ጸጸት መጣ። ዕቃውን አጠብኩ። የተደፋውንም ሳህን አብሬ አጥቤ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እትዬ ጥሩነሽ ባዶውን ዕቃ ይዤ ሲያዩኝ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ነውር ነው!» ብለው ሁለት ብርቱካን ሰጡኝ።

«ምን ነበረበት?»

«ሩዝ።»

ዶሮዋን አላነሣሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ናይንግ ደረጃውን ወጥቶ ዕቃውን ሲያነሣው ብርቱካኖቹ ውስጡ ተንከባለሉ። ከፈተው። የተደፋ ሳህን ፈለገ፤ የለም። ልክ በዚያች ሰዓት ኡ ቲን በራቸውን ከፍተው ሲወጡ እግራቸው ሥር ወደቀ። እያለቀሰ ይስቃል። በቋንቋቸው የሆነ ነገር ብሎ ዕቃውን አቅፎ በሩጫ ወረደ። እኔ ሻዬን እንደ ያዝኩ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኡ ቲን ወደ እኔ ዞሩ። ጭቅጭቁ የተጀመረው እንዲህ ነው።

«ትኩስ ሩዝ ሊያመጣልኝ ነው የሄደው» አሉኝ። «ሲመለስ አንተ ትነግረዋለህ።»

«ምን ብዬ?»

«የበላሁት እኔ ነኝ ብለህ።»

«አንድ ጊዜ ቢቀምሱለትስ? ምን ይጎድልብዎታል?»

«በዚህ ከተማ ያለ የአገሬ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ካልበላሁለት አብሮት የሚቀመጥ የለም። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የማልበላው።»

«ምን አድርጎ ነው?»

«ወታደር ነበር» አሉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በሰማንያ ስምንት፣ በዚሁ ወር፣ ተማሪዎቹ አደባባይ ወጡ።»

«ዘንድሮ?» አልኳቸው። በእኛ አቆጣጠር ሰማንያ ስምንት ነበርና። ወሩም ነሐሴ ነበር።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ከስምንት ዓመት በፊት ነው» አሉ። ፊታቸውን ሳየው ግን ለእሳቸውም ያው ዘንድሮ ነበር።

ከተማሪው ጋር ሠራተኛውም መነኩሴውም ወጥቶ ነበር። ጦሩ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምርጫ ተደረገ። አገሩን የሚገዙት ጄኔራሎች ተሸነፉ፤ ግን አንወርድም አሉ። የተማሪዎቹ መታሰቢያ ቀን ሲደርስ የማንዳላይ ከተማ መነኮሳት የምጽዋት ሳህናቸውን ይዘው ወጡ፤ ወታደሮቹ በእነሱም ላይ ተኮሱ። ኡ ቲን ያን ጊዜ ማንዳላይ ውስጥ መነኩሴ ነበሩ። ከቀትር በኋላ የማይበሉትም ለዚህ ኖሯል፤ የምንኩስናው ልማድ አለቀቃቸውም።

«መነኩሴ ለምኖ አዳሪ ነው» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት በየደጁ እናልፋለን፤ ሰው ሩዝ ያስገባልናል። የምንለምነው ለሆዳችን ብቻ አይደለም። የሚሰጠው ሰው ጽድቁን የሚያገኘው በእኛ ሳህን ነው። እኛ ጠመንጃ የለንም። ያለን ሳህን ነው። ደፋነው።»

ከዚያ በኋላ ከወታደርና ከወታደር ቤተሰብ ምጽዋት አልተቀበሉም፤ ቀብራቸው ላይም አልጸለዩም። ሲነግሩኝ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግዝት ትዝ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ገዳማቱን ከበበ፤ መነኮሳቱን በካሚዮን ጭኖ ወሰደ። ኡ ቲን ልብሰ ምንኩስናቸውን አውልቀው በእግራቸው ድንበር ተሻገሩ።

«ናይንግ ገዳም ከከበቡት አንዱ ነው» አሉ። «እሱ አልነገረኝም። ሰው ነው የነገረኝ።»

«እርስዎ እኮ አሁን መነኩሴ አይደሉም!» አልኳቸው። እፍረቴ ላይ ንዴት ተጨመረበት። «አንሶላ አጣቢ ነዎት። እኔ ቢሮ ጠራጊ፣ እሱ ሳህን አጣቢ። ማን ማንን ያወግዛል?»

ወዲያው ቃሌን ብመልሰው ደስ ባለኝ። አልተቆጡም።

«ልብሱን አውልቄያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሳህኑን ግን አላቃናሁትም።»

«መቼ ነው የሚቃናው?»

«ያጠፋው ሰው መጥቶ ጥፋቱን በአፉ ሲናገር። መጀመሪያም የሚደፋው ለዚያ ነው፣ አንድ ቀን እንዲቃና። እሱ ሩዝ ይልክልኛል። ሩዝ ምን ይናገራል?»

ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ናይንግ ደረሰ። ዕቃው ይተናል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል። ኡ ቲን ከቀትር በኋላ እንደማይበሉ ስለሚያውቅ ነው የሮጠው። ሁለታችንንም እያየ ፈገግ አለ። ኡ ቲን በዓይናቸው ወደ እኔ ጠቆሙት።

ቃላት እወዳለሁ የምል ሰው ነኝ። ያን ያህል አጭር ነገር ለመናገር ግን ያን ያህል ተቸግሬ አላውቅም።

«ትናንት የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳህኑን ያነሣሁትም፣ ብርቱካኑን የከተትኩትም እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ወደ ኡ ቲን ዞረ። ኡ ቲን ተነሥተው ሳህናቸውን ከመደርደሪያው አወረዱና ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኑ እያየ፣ ደፉት።

ዕቃውን ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። ወደ በሩም አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር። ቆመ። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ መናገር ጀመረ።

አንድም ቃል አልገባኝም። ኡ ቲን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ከታች የእትዬ ጥሩነሽ የመዝሙር ካሴት ይሰማል። መሐል ላይ ኡ ቲን ድንገት ጭንቅላታቸውን አዞሩ። አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁት። እሱም በአንድ ቃል መለሰ፤ ከዚያ ቀጠለ። የግድግዳው ሰዓት ቀትርን ሲያልፍ ሦስታችንም አየነው።

ሲጨርስ ኡ ቲን እንግሊዝኛውን እየፈለጉ ነገሩኝ።

ናይንግ የማንዳላይ ልጅ ነው። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ወታደር ሆነ። መነኮሳቱ ሳህናቸውን በደፉበት ሰሞን ለዕረፍት ቤቱ ሄዶ ነበር። እናቱ ማለዳ ተነሥታ ሩዝ አብስላ፣ ትኩሱን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆመች። መነኮሳቱ ተሰልፈው መጡ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፏት። ልጇ ወታደር ነዋ። በማግስቱም አበሰለች፤ በማግስቱም አለፏት።

«እናትህ ምን አለችህ ብዬ ጠየቅኩት» አሉኝ ኡ ቲን። «ምንም፣ አለኝ።»

ወደ ጦሩ ሲመለስ ገዳም እንዲከብብ ታዘዘ፤ ከበበ። መነኮሳቱ ሲጫኑ የገዳሙን በር ይዞ የቆመው እሱ ነበር። ይህንንም ሳይደብቅ ተናገረ። ዓይኑን ጨፍኖ በየሌሊቱ የሚያየው ግን በሩን ሳይሆን እናቱን ሩዙን እንደ ያዘች ነው። ገዳሙን በከበበ በሦስተኛው ቀን ጠመንጃውን ጥሎ ጫካ ገባ።

ኡ ቲን የተደፋውን ሳህን አዩት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሳህን ከንቱ ቀረ እል ነበር» አሉ። «ጓደኞቼ እስር ቤት ናቸው። ጄኔራሎቹ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው። አንድ ጠመንጃ እንኳ አላስጣለም እል ነበር።» ናይንግን ቁልቁል አዩት። «አንድ አስጥሏል።»

ናይንግ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። «ጊዜው አለፈብዎት» አለ በእንግሊዝኛ።

«ይሄ ቀማኛ ቅድም ምን አለኝ መሰለህ?» አሉ ኡ ቲን በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «አሁን መነኩሴ አይደሉም አለኝ። እውነቱን ነው።»

ሳህኑን አቃኑት።

ናይንግ በጥድፊያ ሲያወጣላቸው ሩዙ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ኡ ቲን የወደቀውን ፍሬ በፍሬ እየለቀሙ ከዚያው ጀመሩ። እኔም ሳህኔን ይዤ ጠጋ አልኩ።

«አንተን የትናንቱ ይበቃሃል» አሉኝ።

ናይንግ ሳቀ። ሳቁ እትዬ ጥሩነሽን ከታች አመጣቸው። በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ።

«ይሄ ዶሮ አይደለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩ፤ ሁሉም ገባቸው። «ትናንትም ይኸው ነበር! በፍልሰታ! ያውም ዓርብ! አንተን ብሎ ባለቅኔ!»

በርማ ዛሬም በጄኔራሎቹ እጅ ናት። ናይንግ ግን አሁንም ዓርብ ዓርብ ይመጣል፤ ያንኳኳል። ጾም መሻሬንና የሰው ሩዝ መብላቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ሙሉ በሙሉ ተጸጽቻለሁ ማለት ግን አልችልም፤ እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

አገር ቤት በእኛም ሰፈር የአጎቴን ስም ለቀበሌ የሰጠ ጎረቤት አለ። አጎቴ በዚያው አልተመለሰም። እናቴ ሰውየውን እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም፤ እኔም ከጥላቻ ሌላ ያቆየሁለት ነገር አልነበረም። አሁንም ሩዙን አልበላለትም። ግን አንድ ቀን መጥቶ በአፉ ቢናገርስ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አሁን አስባለሁ። ማሰቡ ብቻ ደረቴን ቀለል ያደርግልኛል።

ያን ቅዳሜ ኡ ቲን ሳህናቸውን ጨርሰው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ለናይንግ ሁለት ቃል ያህል ተናገሩ። ልጁ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ እንደ ተወ ብድግ ብሎ ወጣ።

«ምን አሉት?» አልኳቸው።

«መንገዱ ጥግ ላይ ስልክ አለ፤ ለእናትህ ደውልላት። መነኩሴ የነበረ ሰው ሩዜን በላልኝ በላት፣ አልኩት።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ ሰማነው። ሲራመድ የማይሰማው ልጅ ቤቱን አናወጠው።

«ኧረ ቀስ! በሬን እንዳትሰብረው!» ጮኹ እትዬ ጥሩነሽ በአማርኛ።

የውጭው በር ድው ብሎ ተዘጋ።