ለዩሱፍ «ጎበዝ!»፣ ለእኔ «በምን?»

አጎቴ ካረፈ አርባ ቀኑ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ደብተሬን የሌላ ሰው እርሳስ አልነካውም።

ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን እስኪያስዘጋው ድረስ አገር ቤት ሂሳብ አስተማሪ ነበር። ሐርጌሳ ከተሰደድን ወዲህ በልስን ሥራ ይውልና፣ ሲመለስ ኮድቡር ሰፈር በተከራየናት ክፍል ጂኦሜትሪ ያስጠናን ነበር። አንዱ ተማሪ ጅግጅጋ ያደገው ጎረቤታችን ዩሱፍ ነው። ሌላው እኔ፣ ትምህርቴን አቋርጬ ከአሮጌ መጽሐፍ ብቻዬን የምማረው።

አንድ ቀን፣ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን የግርጌ ማዕዘኖቹም እኩል መሆናቸውን እንድናረጋግጥ አዘዘን። ዩሱፍ ከማረጋገጫው ሦስት እርምጃ ዘለለ።

«ጎበዝ!» አለው።

የእኔ አንዲት መስመር ብቻ ምክንያት አልተጻፈላትም። እርሳሱን እሷ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ በምን?»

«ኧረ ጋሼ፣ ያስታውቃል እኮ!»

«ያስታውቃል? አገር ቤት ሞቱ ከተባሉት ስንቶቹ ኋላ ራሳቸው ደወሉልን! በምን?»

ምክንያቱን ጻፍኩ። «ጎበዝ» ሳይለኝ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። ያን ቀን ዩሱፍን ጠላሁት።

ለቅሶው ላይ ዩሱፍ አጠገቤ ተቀምጦ ተንሰቀሰቀ።

«አንተስ ታድለሃል» አለኝ። «እኔን ቶሎ ያሰናብተኝ ነበር። ካንተ ጋር ግን ራቱ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራል። ወላሂ፣ እቀናብህ ነበር።»

እኔም እንደምቀናበት አልነገርኩትም። እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እሱ እንደዚያ ማልቀስ በመቻሉ እንደገና ቀናሁበት።