ከውጭ የተበሳው ፋኖስ

ምራቴ የገዛችውን የካሮት መፈቅፈቂያ ሳጥብ፣ አውራ ጣቴ ሻካራውን ቆርቆሮ ነካና ቀጥ አልኩ። “ቆረጠዎት እንዴ እማማ?” አለችኝ። ምን ቆረጠኝ! አባቴ ናቸው የመጡብኝ።

ጣልያን አንኮበር በገባ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። የፋኖስ መስታወት ከገበያ ስለጠፋ፣ አባቴ ወታደሮቹ የሚጥሉትን የዘይት ቆርቆሮ ዘርግተው፣ በምስማር በሳስተው ፋኖስ ያደርጉት ነበር። ሲበራ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደ ሽምብራ ይበተናል። ቤታችንን የላምባና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አይለየውም።

የሳቸው ፋኖስ ሙያው አበሳሱ ላይ ነው። ቆርቆሮው ሳይጠቀለል፣ ምስማሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመታል። የቀዳዳው ከንፈር ወደ ውጭ ይገለበጥና ነፋሱን ይመልሳል። የአንኮበርን ቁልቁለት የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ ከሳቸው በቀር ከማንም አይገዛም ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ዐይኑ ለጠፋ ባለእጅ ማን ሥራ ይሰጣል? እናቴ ሞታለች፤ እንጀራችን ይኸው ነው። እኔ እበሳለሁ፣ እኔ እበይዳለሁ፤ ሰው ሲመጣ እሳቸው መዶሻውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኛም ብንሆን ተነጋግረንበት አናውቅም። በጠራራ ፀሐይ “ዛሬ ደመና ነው መሰለኝ” ይሉኛል። “አዎ አባባ፣ ደምኗል” እላለሁ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሸማኔ ቤተሰብ ለልጁ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው ሲባል ሰማሁና ልቤ ጠፋ። ቆርቆሮውን ሳልበሳው ጠቅልዬ በየድኩት። ከተጠቀለለ ወዲያ ደግሞ ከውስጥ መምታት አይቻልም። “ማን ያያል?” ብዬ ከውጭ በሳሁት። ማን ያያል ያልኩት ማንን እንደሆነ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ፋኖሱን የወሰደው የአሊዩ አምባ ነጋዴ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የሸማኔው ሚስትም ደጃችን ላይ ነበሩ።

“ወላሂ፣ እርስዎን አምኜ! ጎህ ሳይቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ጥፍት አለብኝ። በቅሎዬ ለጥቂት ተረፈች” አለ።

አባቴ ፋኖሱን ተቀብለው ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ልስልስ ነው፤ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር የለውም። ወዲያው ገባቸው።

“አባባ፣ እኔ…” ስል፣

“ዝም በይ አንቺ!” አሉኝ። እንዲያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞሩ። “ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዐይኔ ከጠፋ ከርሟል። ደብቄህ ነው የሠራሁልህ፤ ይቅር በለኝ።”

ነጋዴው ቁጣው ጠፍቶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። “አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ” አለ።

ከዚያ ወዲያ ፋኖስ ያዘዛቸው ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ ግን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። “የምሰጣችሁ እጇ የማይሳሳት ልጅ ነው” አሏቸው አባቴ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ አለቀስኩ።