ኩሬዬን ያጠቡልኝ ሰሞን

እኔ እልኸኛ ነኝ። ባለቤቴም ይህን እያወቀ ነው ያገባኝ፤ ቅር ቢለው የራሱ ጉዳይ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ጎጃም ውስጥ አምበር ከተማ አጠገብ ባለው ቤታችን ጓሮ የዓሣ ኩሬ ካልቆፈርኩ ብዬ ድርቅ ስል፣ ነጭ ሽንኩርት የሚተክልባትን ቁራጭ መሬት ለቀቀልኝ። ሲለቅልኝ ግን ቀጠሮ ቆረጠ። «ለፋሲካ ለሰው የሚቀርብ ዓሣ ካላየሁ፣ ጉድጓድሽን ደፍኜ ሽንኩርቴን እተክላለሁ» አለኝ። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው።

የዓሣ ጫጩቶቹ ከባሕር ዳር መጡ። መኖ አልገዛሁላቸውም። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ የማወራውን ነገር ጓሮዬ ውስጥ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። የበረታችን እበት ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ እየታጠበ ወንዝ ይገባ ነበር፤ ያንን ወንዝ ደግሞ ከእኛ በታች ያሉ ሰዎች ይጠጡታል። እበቱን በጥቂት በጥቂቱ ኩሬው ውስጥ ስጨምረው፣ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ አልጌዎች ይመገቡታል፤ ፀሐይ እያገኙ ይራባሉ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ዓሦቹ እነሱን ይበላሉ። ቀን ቀን ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር የሚያወጡት እነዚሁ አልጌዎች ናቸው። የተረፈው ውሃ ወደ ጎመኔ ይሄዳል፤ ማዳበሪያ አልፈልግም። እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ ጣቶቼ ካልታዩኝ የዓሦቼ ቀለብ ሞልቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቶቼ አስረድቻለሁ። በጨዋነት ሰሙኝ። ዞር ስል ግን «ምን ሆና ነው ደህናውን ውሃ የምታገማው?» ይባባሉ ነበር።

ጥር ላይ ምጥ ጠናብኝና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለድኩ። ሰንብቼ ስመለስ እልልታው ገና ከመንገድ ተቀበለኝ። የሰፈሩ ሴቶች ቤቴን ለቅልቀው፣ ግቢዬን ጠርገው፣ ገንፎውን አሰናድተው ጠብቀውኛል። ሴት በወለደች ቁጥር ቀድመው የሚደርሱት አሮጊት ጎረቤታችን ክንዴን ደግፈው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ነይማ ልጄ፣ ደስ የሚልሽን ነገር ላሳይሽ።»

ኩሬው ታጥቧል። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ሆስፒታል ስለነበር የከለከላቸው የለም። ዓሦቹን በጋን ውሃ አቆይተው፣ አረንጓዴውን ውሃ ቀድተው ደፍተው፣ ዳር ዳሩን ፈትገው የምንጭ ውሃ ሞልተውበታል። የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል።

«አራስ ቤት ቆሻሻ አይሁን ብለን ነው» አሉኝ፤ ምርቃት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ማን ንኩ እንዳላቸው ጠየቅሁ፤ ሌላም ሌላም ተናገርኩ። ገንፎው ሳይበላ ሰው ተበተነ። አላፈርኩም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር።

በማግስቱ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ኩሬው ዳር ተሰለፉ። ውሃው ጠርቶ ዓሦቹን አጋልጧቸዋል። ከወፍ የተረፉት የሚበሉት የላቸውም። ባለቤቴ አዝኖልኝ እበት ጨመረ፤ ነገር ግን የጥር ብርድ ነው፣ ውሃው አልለወጥ አለ። የአልጌ ዘር ያስፈልገው ነበር። ከመስኩ በታች ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ቀድተህ አምጣልኝ አልኩት።

«ከብት የሚሸናበትን ውሃ ተሸክሜ በሰው ፊት ልለፍ? አላደርገውም!»

እንግዲያው እኔ አደርገዋለሁ። ልጄን ልታርሰኝ ለመጣችው እህቴ አስታቅፌ ጀሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በእኛ አገር አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሳ ከደጅ አትወጣም። እኔ ግን ወጥቼ ከብት ኩሬ ደረስኩ፤ ቀዳሁ። ስመለስ ስፌቴ እያቃጠለኝ ሳዘግም አሮጊቷ አዩኝ።

«በስመ አብ! አንቺ አራስ አይደለሽም? ስፌትሽ ሳይደርቅ!»

«ዓሦቼ ሊያልቁብኝ ነው እማማ።»

«ይለቁ!»

«አያልቁም። ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።»

ጀሪካኑን ነጠቁኝ። «ግቢ ከቤትሽ። እኛ እንቀዳለን።»

«ቆሻሻ ነው ስትሉኝ አልነበረም እንዴ?»

«ቆሻሻ ነው! ቆሻሻም ቢሆን አራስ አትሸከመውም።»

ጠዋት ሴቶቹ ተከታትለው መጡ። የሰደብኳቸው እነዚያው ሴቶች ናቸው። በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ አረንጓዴውን ውሃ በጀርባቸው አዝለው ኩሬዬ ውስጥ ገለበጡት። አንዷ ደፍታ ስትጨርስ እጇን በአመድ ፈተገች። አንዳቸውም አላመኑኝም፤ ሁሉም ግን ተሸከሙልኝ። በመስኮት እያየሁ ልጄን አቅፌ ተንሰቀሰቅሁ።

ፀሐዩ ሲበረታ ውሃው መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ደፈረስ አለ፤ ቀጥሎ ለመለመ። ወፎቹም ሄዱ። የፋሲካ ለት ባለቤቴ መረቡን ጥሎ ሲያወጣው ከመዳፉ የሚሰፉ ዓሦች ተንፈራገጡበት።

«ሽንኩርቱን ከበረቱ ጀርባ እተክለዋለሁ» አለ።

ውሃ ለተሸከሙልኝ ቤቶች ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ላክሁ፤ ይቅርታዬንም በአፌ ሄጄ ነገርኳቸው። በሉት። ያ ውሃ ቆሻሻ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ ያምናሉ፤ እኔም ማስረዳቱን ትቻለሁ። ኩሬው ትንሽ ነጣ ያለ ቀን እኔ ሳላየው በፊት አሮጊቷ ከአጥሩ ማዶ ሲጮሁ እሰማለሁ፦

«ኧረ ተነሽ አንቺ! ውሃሽ ጠራ እኮ! ጠራ!»