ረቢአ አሚን ያጣችበት ዱዓ

ረቢአ የከብት ሐኪም ሆና ጨፋ ሮቢት ስትመደብ፣ አገሩ ሴት በሬን በመርፌ ስትወጋ አይቶ አያውቅም ነበር። ግርምቱ ግን ብዙም አልቆየም። አንዲት ላም እንግዴ ልጇ አልወርድ ብሏት ስትቃትት ባዳነች ሰሞን «የረቢአ እጅ ሸጋ ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ በሯ ዕረፍት አጣ።

ያን ጊዜ ስልክ ከከሚሴ አልፎ አልወጣም፤ የቸገረው ሰው በእግሩ ይመጣል። ገና ሳይነጋ፣ ፈጅር ሳይሰገድ ኮርማው የተነፋበት ያንኳኳል፤ ምሳ ልትቀምስ እጇን ስትታጠብ ጥጃው ያስቀመጠበት ይደርሳል። እንዲህ ስትል ዓመታት ነጎዱ፤ የረቢአም ልብ እንደ ከረመ ቁርበት ደረቀ። አንድ ቀን የምታምጥ ላም ፊት ቆማ «ምነው ሞታ በገላገለችኝ» ብላ አሰበች። በራሷ ደነገጠች። በማግስቱ ኮምቦልቻ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ወደሚሠሩት ሥራ ዝውውር ጠየቀች።

መልሱ ሲዘገይባት ወዳጃ ልትሄድ ቆረጠች። በወዳጃ ላይ መንደሩ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ ሐጃ ያለው ሰው የልቡን ጉዳይ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሼሁ ይመርቁታል፣ ጉባኤው «አሚን» ይላል። ረቢአ ያላሰበችው፣ አሚን ባዮቹ ከብቶቻቸውን የምታክምላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው።

ተራዋ ሲደርስ «ዝውውሬ እንዲሳካልኝ ዱዓ አድርጉልኝ» አለች።

ሼህ ሙህዲን እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረብ፣ ሐጃዋን ሙላላት!»

ቤቱ ጭጭ አለ።

«ምነው እናንተ? አሚን በሉ እንጂ!»

«እንዴት ብዬ፣ አባቴ?» አለ ጎረቤቷ ከማል። «ላሜ መውለጃዋ ደርሷል። በአፌ አሚን ብል ልቤ እንቢ ይላል። በዱዓ ላይ ይዋሻል?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ረቢአ ግን አልሳቀችም። «የናንተ ከብት ሲታመም እሮጣለሁ» አለች፤ «እኔስ ስታመም ማን ጠየቀኝ?»

ከማል ሊመልስ አፉን ሲከፍት እማማ ዘምዘም «ዲሲ! ተዋት» ብለው አስቆሙትና ወደ እሷ ዞሩ። በዕድሜ የመንደሩ ታላቅ ናቸው። «ልጄ፣ ኮምቦልቻ ምን አለሽ?»

ረቢአ ኮምቦልቻን አስባት አታውቅም። በዓይኗ የሚመጣው ማንም የማያንኳኳው በር ብቻ ነበር።

«እንቅልፍ» አለች በመጨረሻ። «ጁምዓና ቅዳሜ እንኳ የምተኛበት። ቁስል ማጠቡን፣ ላስቀመጠው ጥጃ መድኃኒት ማጠጣቱን አሳያችኋለሁ፤ ራሳችሁ ያዙልኝ። በነዚያ ቀናት ለምጥና ለአባ ሰንጋ ብቻ ጥሩኝ።»

«እንዲህ ነው እንጂ ሐጃ!» አሉ ሼህ ሙህዲን። «አሚን ያለ ሁሉ ቃል ገብቷል፤ ኋላ አላወቅሁም እንዳትሉ።»

«አሚን!» ቤቱ ተናጋ። የከማል ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር።

በመጀመሪያው ጁምዓ ረቢአ ከእንቅልፏ የባነነችው በጩኸት ነው። ብትወጣ ከማል ደጇ ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ላምህ አማጠች?»

«ኧረ የለም! ሰው እንዳይቀሰቅስሽ እየከለከልሁ ነው።»

«ከሰዉ ይልቅ አንተ ቀሰቀስከኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ነገሩ ባንድ ጊዜ አልቀናም። ቃሉን የረሳም ነበር፤ ቁስሉን አጥቦ ያባሰም ነበር። ቢሆንም ክረምቱ ሲወጣ ሴቶቹ ያስቀመጠውን ጥጃ እሷን ሳይጠሩ ማዳን ለምደው ነበር። የዝውውሩ ፈቃድ የመጣው እንግዲህ ያኔ ነው። ረቢአ «ለሌላ ሰው ስጡት» አለችና ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ወረደች። የጠራት ሰው አልነበረም። አፋሮች ሣር ፍለጋ ከብቶቻቸውን አምጥተዋል መባሉን ሰምታ፣ ጤነኞቹን ገና ሳይታመሙ ልታይ ነው።